የምክንያትና የውጤት ድርሰት፦ የሽንዲ በርበሬና የባሕር ማዶ ሕግ

ተማሪዎች! አንድ ነገር ለምን እንደሆነና ምን እንዳስከተለ የሚያስረዳ ጽሑፍ የምክንያትና የውጤት ድርሰት ይባላል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ምክንያቱንም ከውጤቱ ለዩ።

ምንባብ

በምዕራብ ጎጃም፣ በሽንዲ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በርበሬ ለገበሬው ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ ነው። በርበሬ ዛሬ በገበያ ቀን ብቻ የሚሸጥ ሸቀጥ አይደለም፤ በኢንተርኔት አስተዋውቀው ባሕር ማዶ ለሚኖሩ ወገኖች የሚሸጡ አነስተኛ ነጋዴዎችም አሉ።

ሆኖም ሸቀጡ ድንበር ሲደርስ ሕግ ይጠብቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ደረቅ በርበሬ ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን በጠቅላላው ከ10 ማይክሮግራም፣ ቢ1 የተባለው ዓይነት ብቻውን ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ደንግጓል። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው። አፍላቶክሲን ከሻጋታ የሚመነጭ፣ የጉበት ካንሰር የሚያስከትል መርዝ ነው። በዓይን አይታይም፤ በማብሰልም ጨርሶ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ያለቁት በዚህ መርዝ የተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በመመገባቸው ነበር።

ሻጋታ እርጥበትን ይወዳል። ከዚህም የተነሣ በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ፣ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ ወይም እንዳይሰባበር ተብሎ ውኃ የተረጨበት በርበሬ በቀላሉ ይሻግታል።

ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን አንድ አይደለም። የአንድ ናሙና የላቦራቶሪ ምርመራ 6,000 ብር ያስወጣል ብለን እናስብ። 20 ኩንታል ለሚልከው ነጋዴ ወጪው በኪሎ 3 ብር ይሆናል፤ 20 ኪሎ ለምትልከው ሴት ግን በኪሎ 300 ብር ይደርስባታል። ስለዚህ አነስተኛዋ ነጋዴ ከገበያው ልትወጣ ትችላለች።

ታዲያ ሕጉ ይቅር ይባላልን? አይባልም፤ ያው መርዝ በእኛም ወጥ ውስጥ ይገባልና። ይልቁንም አነስተኛ ነጋዴዎች በማኅበር ተደራጅተው ምርታቸውን በአንድነት ቢያስመረምሩ ወጪው ይቃለላል። ነገር ግን የአንዱ ሻጋታ የሁሉንም ድካም ከንቱ ስለሚያደርግ፣ ጥንቃቄው በርበሬው ከሚሰጣበት ቦታ መጀመር አለበት። ገበሬው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ቢያደርቅ፣ መርዙን ከምንጩ ይከላከላል።

ማስታወሻ

«ከዚህም የተነሣ» እና «ስለዚህ» ከምክንያት ወደ ውጤት ያሻግራሉ። «ስለሚያደርግ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ስለ» ግን ምክንያቱን ያስቀድማል። አንድ ድርጊት ከሌላው በኋላ ስለተፈጸመ ብቻ የዚያ ውጤት ነው ማለት እንዳልሆነም አትዘንጉ።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ከእርጥበት ጀምሮ ነጋዴዋ ከገበያ እስከምትወጣበት ድረስ ያለውን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት በቅደም ተከተል ጻፉ።
2. ሕጉ ለሁሉም እኩል ሆኖ ሳለ ሸክሙ እኩል ያልሆነው ለምንድን ነው? በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።
3. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር መነሻ በማድረግ፣ በቤታችሁ በርበሬ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚቀመጥ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ጻፉ።