«ሲስተም የለም» ከተባለ በኋላ

በወሩ መጨረሻ እናቴን ይዤ የጡረታ ገንዘቧን ለማውጣት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባንክ ሄድን። ሃያ ያህል ሰው ተሰልፏል። አርባ ደቂቃ ቆመን ተራችን ሲደርስ ገንዘብ ከፋዩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ሲስተም የለም» አለን። ከመቼ ጀምሮ ስለው «ከጠዋት» አለኝ። ያ ሁሉ ሰው እዚያ የቆመው በከንቱ ነበር ማለት ነው።

በሌላ ወር፣ በሌላ ባንክ፣ ያው ሲስተም ጠፋ። እዚያ ግን ገና ደረጃው ላይ ሳለን ጥበቃው ወጣና «እማማ፣ በከንቱ እንዳይደክሙ። ሲስተሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የለም። ከታች ያለው ቅርንጫፋችን ይሠራል፣ አሁን ደውለን ጠይቀናል» አላት። እናቴ መርቃው ሄደች። ከሁለቱም ቦታ አንድ ብር አልወሰደችም፤ ከአንዱ የወጣችው ግን ተከብራ ነው።

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። መጉላላት ስንል ብዙውን ጊዜ መዘግየቱን እናማርራለን። እኔ ግን ሰውን ይበልጥ የሚያቆስለው ሳያውቅ እንዲቆም መደረጉ ነው እላለሁ። «ሲስተም የለም»፣ «ነገ ተመለስ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚሉት ሁሉ ተጀምረው የተተዉ ንግግሮች ናቸው። መስኮት ጀርባ የምትሠሩ ከሆነ ጨርሷቸው፦ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሌለ፣ ተገልጋዩ መቼ ቢመለስ እንደሚሻል፣ እስከዚያ ወዴት መሄድ እንደሚችል ንገሩት። የማታውቁትን «አላውቅም፣ ጠይቄ ልንገርዎት» በሉ። ይህን ለማለት ሲስተም አያስፈልግም።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቁስል አለ። ሦስት ጫማ አስወርዳችሁ፣ ለክታችሁ፣ ዋጋ ተከራክራችሁ ሳትገዙ ስትወጡ «የማትገዛውን ለምን ታስወርዳለህ?» የሚል ድምፅ ከኋላ ይከተላችኋል። ብዙ ሰው አፍሮ ያልፈለገውን ገዝቶ ይወጣል። ማፈር አይገባውም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ሸማች ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ደንግጓል። በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድን፣ ከስድብና ከዛቻ መጠበቅንም በመብትነት አስቀምጧል። ይህን አንቀጽ ያነበብኩ ቀን፣ እናቶቻችን ምግባር ሲሉት የኖሩት ነገር በሕግ ተጽፎ ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል።

ጉልት የምትቸረችር ሴት ግን ይህን ያስተማራት የለም። ሽንኩርቱን መዝና ከጨረሰች በኋላ ሁለት ፍሬ ትጨምራለች፤ ምርቃት ነው። ሁለቱ ፍሬ ወጥ አይሠሩም። «አይቼሻለሁ፣ ተመለሺ» ይላሉ እንጂ። እሷ ዘንድ ገዝቼ ተናድጄ የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ተገልጋይ ስንሆንም ድርሻ አለን። ጩኸት ሠራተኛውን ያደነድነዋል፤ ጥያቄ ግን መልስ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። «ምን ዓይነት አሠራር ነው!» ከማለት «ሌላ የሚሠራ ቅርንጫፍ አለ? ለተሰለፉት ሰዎች ተነግሯቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተመለሰላችሁ የበላዩን አነጋግሩ።

እኔም የመጀመሪያው ባንክ ተመልሼ ሥራ አስኪያጁን አነጋገርኩት። ገንዘብ ከፋዩን አልከሰስኩም። እናቴ አርባ ደቂቃ መቆሟን፣ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ በር ላይ አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ይበቃ እንደነበር ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ ስንሄድ በእጅ የተጻፈ ወረቀት በሩ ላይ አገኘን፦ «ሲስተም ከ3፡15 ጀምሮ የለም። ከሰዓት በኋላ ይሞክሩ።» እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ሳንሰለፍም ወደ ቤት ተመለስን።