እስከ መጨረሻው እንክብል፦ የኒው ዮርክ ከተማ ጤና መምሪያና የሳንባ ነቀርሳ ቁጥጥር

ተላላፊ በሽታን ስለ መቆጣጠር ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው መድኃኒትና ክትባት ነው። ይሁን እንጂ ፈዋሽ መድኃኒት እያለ ወረርሽኝ ያገረሸባቸው ከተሞች አሉ፤ ከእነዚህም አንዷ ኒው ዮርክ ናት። ይህ ጽሑፍ የከተማዋን ጤና መምሪያ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ቁጥጥር መነሻ በማድረግ፣ ወሳኙ ጉዳይ የመድኃኒቱ መኖር ብቻ ሳይሆን ሕክምናው ከፍጻሜ መድረሱን የማረጋገጥ ኃላፊነት የማን ነው የሚለው መሆኑን ያመለክታል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የምዝገባ መሠረት

ሮበርት ኮህ በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ካሳወቀ በኋላ፣ የመምሪያው ሐኪም ኸርማን ቢግስ በሽታው ተላላፊ በመሆኑ ሕሙማኑ በመምሪያው ዘንድ መታወቅ አለባቸው የሚል አቋም ያዘ። በ1894 ሕዝባዊ የሕክምና ተቋማት፣ በ1897 ደግሞ ሐኪሞች ሁሉ ያገኟቸውን ሕሙማን እንዲያሳውቁ ተደነገገ። መምሪያው በበኩሉ አክታ በላቦራቶሪው በነጻ ይመረምር ጀመር። ብዙ ሐኪሞች ድንጋጌው በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለውን ግንኙነት ይጥሳል ሲሉ ተቃወሙት። ያም ሆኖ ሥርዓቱ ጸና፤ የሕሙማኑን ቁጥርና መኖሪያ የማያውቅ መምሪያ ሊቆጣጠረው የሚችል በሽታ የለምና።

የስኬት ጠንቅ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈዋሽ መድኃኒቶች ሲገኙ የሕሙማን ቁጥር ቀነሰ፤ በጀቱም ተከትሎ ቀነሰ። ከ1975 የከተማዋ የገንዘብ ቀውስ ወዲህ የቲቢ አገልግሎት ይበልጥ ተዳከመ። በዚያው ዘመን የቤት አልባዎች መብዛት፣ የመጠለያዎችና የእስር ቤቶች መጨናነቅ፣ በኋላም ኤችአይቪ ለበሽታው መስፋፋት ምቹ ሁኔታ ፈጠሩ። በ1978 ወደ 1,300 ገደማ የነበረው ዓመታዊ የአዳዲስ ሕሙማን ቁጥር በ1992 ወደ 3,811 አሻቀበ።

ከቁጥሩ በላይ አስጊ የነበረው የባክቴሪያው መድኃኒት መላመድ ነው። የቲቢ ሕክምና በወቅቱ ቢያንስ ስድስት ወር ይወስድ ነበር፤ ታካሚው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሻል ይለዋል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ወይም እያሰለሰ ቢወስድ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ተርፈው ይራባሉ። በ1988 በሃርለም ሆስፒታል በተደረገ ጥናት፣ ሕክምና ጀምረው ከሆስፒታሉ ከወጡት ሕሙማን 89 በመቶው ከክትትል ውጭ ሆነው ተገኝተዋል። በሚያዝያ 1991 በከተማዋ በተካሄደ የዳሰሳ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩት ሕሙማን 19 በመቶው ሁለቱን ዋና መድኃኒቶች፣ አይሶኒያዚድንና ሪፋምፒሲንን፣ የተላመደ ቲቢ ነበረባቸው።

የኃላፊነት መሸጋገር

ከ1992 ጀምሮ መምሪያው አሠራሩን ለወጠ። የጤና ሠራተኞች ታካሚው መድኃኒቱን ሲውጥ በዓይናቸው እያዩ የሚመዘግቡበት የቀጥታ ክትትል ሕክምና ተስፋፋ። ሠራተኞቹ ታካሚውን በክሊኒክ ብቻ አልጠበቁትም፤ በመኖሪያው፣ በሥራ ቦታውና በጎዳና ጭምር ፈለጉት። ለሚመላለሱ ታካሚዎች የምግብና የመጓጓዣ ድጋፍ ይሰጥ ነበር። በ1994 በዚህ መልክ የሚታከሙት ከ1,000 በላይ ደረሱ። ከዚሁ ጎን ለጎን በሆስፒታሎች፣ በእስር ቤቶችና በመጠለያዎች የመተላለፍ መከላከያው ተጠናከረ።

ሌላው ለውጥ ከአፍሪካ የተቀዳ ነው። ካሬል ስቲብሎ በታንዛኒያ በመራው የቲቢ መርሐ ግብር፣ ሕክምና የጀመረ እያንዳንዱ ሰው የመጨረሻ ውጤት ይመዘገብ ነበር። በጊዜው የኒው ዮርክን የቲቢ ቢሮ የመራው ቶማስ ፍሪደን ይህንን አሠራር ወሰደ። ሠራተኞች በየሩብ ዓመቱ ተሰብስበው የእያንዳንዱን ታካሚ ጉዳይ ያቀርቡ ነበር። «ስንት ሰው መረመርን?» የሚለው ጥያቄ «ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ዳኑ?» ለሚለው ቦታውን ለቀቀ። ስለዚህ የታካሚው መጥፋት የታካሚው ጥፋት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመምሪያው ጉድለት ሆኖ ይቆጠር ጀመር።

የግዴታ ወሰን

በ1993 የከተማዋ የጤና ደንብ ተሻሽሎ፣ ሕክምናቸውን የማይፈጽሙ ሕሙማንን በግዴታ በሆስፒታል ለማቆየት ፈቀደ፤ ይህም በሽታውን በወቅቱ የማያስተላልፉትን ጭምር ይመለከታል። ሥልጣኑ ከግለሰብ ነጻነት ጋር የሚጋጭ በመሆኑ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ከ1993 እስከ 1995 ከታከሙት ከ8,000 በላይ ሕሙማን መካከል በዚህ መንገድ እንዲቆዩ የተደረጉት 139 ናቸው። የቀሩት እጅግ ብዙዎቹ ያለ እስራት መታከማቸው፣ ግዴታ ተገቢ የሚሆነው ድጋፍና ክትትል ተሞክረው ሲያልቁ ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ ያጠናክራል።

ማጠቃለያ

በ1994 የአዳዲስ ሕሙማን ቁጥር ወደ 2,995 ወረደ፤ በሁለት ዓመት የ21 በመቶ ቅናሽ ማለት ነው። እርምጃዎቹ በአንድነት የተወሰዱ በመሆናቸው ቅናሹን ለአንዱ ብቻ መስጠት አይቻልም። የጋራ መሠረታቸው ግን አንድ ነው፤ ታካሚው እስከ መጨረሻው እንክብል ድረስ ባለቤት አገኘ። በኢትዮጵያም በዚያው በ1992 የቀጥታ ክትትል ሕክምና በአርሲና በባሌ በሙከራ ደረጃ መጀመሩ፣ ጥያቄው የባለጸጋ ከተሞች ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ለከተማ ጤና አስተዳደር የሚተርፈው ትምህርት፣ የበሽታ ቁጥር ማነስ ክትትሉ መሥራቱን እንጂ አላስፈላጊ መሆኑን አያመለክትም የሚል ነው። ኒው ዮርክ ይህንን ልዩነት ባለማጤኗ የከፈለችው ዋጋ፣ በጀት በሚመደብበት ጠረጴዛ ላይ ሊታወስ ይገባል።