በፍርድ ቤት ክርክር የምሥጢር ሰነድ ስለሚጠበቅበት ሥርዓት

በፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ ነገሩን የሚያስረዳለትን ሰነድ ለችሎት ያቀርባል። ነገር ግን ሰነዱ በክርክሩ ውስጥ የሌለውን ሰው ገመና ጭምር የያዘ ሲሆን ችግር ይነሣል።

ለምሳሌ፥ በሐርጌሳ ከተማ ጋአን ሊባህ (ትርጓሜውም በሶማልኛ «የአንበሳ እጅ» ማለት ነው) በሚባለው ሰፈር ሁለት የሐዋላ ሸሪኮች በትርፍ ክፍያ ተጣልተው ዳኛ ፊት ቀረቡ እንበል። ክርክሩን የሚቈርጠው የሒሳብ መዝገባቸው ነው። በዚሁ መዝገብ ላይ ግን ከውጭ አገር ለእናቱ ገንዘብ የላከው ሰው ስም፥ የገንዘቡ ልክና የእናቲቱ የስልክ ቍጥር ተጽፏል። መዝገቡ ካልቀረበ እውነቱ ይጠፋል፤ እንዲሁ ተገልጦ ቢቀርብ ደግሞ ከሸሪኮቹ ጠብ አንዳች የሌለባት እናት ትጐዳለች።

ለዚህ በልዩ ልዩ አገሮች የተገኘው መፍትሔ ባለጉዳዮቹ ተስማምተው የሚያቀርቡት፥ ዳኛውም መርምሮ የሚያጸድቀው የምሥጢር ጥበቃ ትእዛዝ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቍጥር 26 መሠረት ዳኛው በቂ ምክንያት ሲያገኝ የንግድ ምሥጢር እንዳይገለጥ ወይም በተወሰነ መንገድ ብቻ እንዲገለጥ ለማዘዝ ይችላል። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 31 የምሥጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል፤ ተገቢ ጥቅም ያለው መሆኑን ሲያስረዳ ግን ደብዳቤውን በክርክር እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ማስታወሻና ደብዳቤ እንዳይደፈር ደንግጓል።

የሁለቱ ወገኖች ስምምነት ብቻውን ከእነርሱ በቀር ሌላውን፥ ለምሳሌ የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ፥ አያስርም፤ የዳኛው ትእዛዝ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። በትእዛዙም የትኞቹ ገጾች ምሥጢር እንደ ሆኑ፥ ከዳኛውና ከጠበቆቹ ሌላ ማን ሊያያቸው እንደሚችል፥ የደንበኞች ስም የሚሸፈን መሆን አለመሆኑ፥ ይግባኙ ካለቀ በኋላም ቅጂዎቹ ለማን እንደሚመለሱ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ወረቀቱን ሁሉ «ምሥጢር» እያለ ማኅተም የሚያደርግ ባለጉዳይ ግን ዕዳውን ለመሸሸግ የፈለገ ይመስላልና ዳኛው ምክንያቱን ገጽ በገጽ ሊጠይቀው ያሻል።

ጥያቄውም መቅረብ ያለበት መዝገቡ ለባላጋራ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው፤ አንድ ጊዜ ተገልብጦ በገበያ የተሠራጨውን ስም ማናቸውም ትእዛዝ አይመልሰውም።