ዘይት የነካው ፍሪሲዮን

ቀይ እሸት ቡና አያድርም። የተለቀመው በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፤ ይኮመጥጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ቡናውን ወደ መፈልፈያ ጣቢያ የሚያደርሰው መኪና ዳገት ላይ ቢቀርስ?

ለማስተማር ገደብ በመጣሁበት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ይህንኑ በዓይኔ አየሁ። መኪናው ቡና ጭኖ ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይገፋም። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ሾፌሩ ወርዶ «ፍሪሲዮኑ ተበላ» አለ። የሚያናድደው፣ ያ ፍሪሲዮን ከተቀየረ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ገበሬዎቹ ጆንያውን አውርደው በፈረስና በትከሻ አጋዙት። ከፊሉ ግን አደረ።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፍ ክፍል ነው። ሁለት መዳፎቻችሁን አጥብቃችሁ አጋጥሙ። አንዱን ስታዞሩ ሌላው አብሮ ይዞራል። አሁን ቅቤ ቀቧቸው። ይንሸራተታሉ። የወፍጮ ቤት ችንጋም ዘይት ሲነካው እንዲሁ ነው። የጭነት መኪና ፍሪሲዮን ዲስክ ቮላኖ ከሚባለው ከባድ ክብ ብረት ጋር ተጣብቆ የሚዞረው ደረቅ ሲሆን ነው።

ዘይቱ ከየት ይመጣል? የሞተሩ ዋና ዘንግ ወደ ቮላኖው በሚወጣበት ቦታ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። መካኒኮች ኦይልሲል ይሏታል፤ እኛ የዘይት ማገጃ እንበላት። ዘንጉ ሲዞር ከንፈሯ አቅፎ ይይዘዋል፤ ዘይቱ አይወጣም። በሙቀትና በዕድሜ ግን ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ካምቢዮውም በፊቱ በኩል የራሱ ማገጃ አለው። ስለዚህ የሚንጠባጠበው የትኛው ዘይት እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፤ ሽታውም ይሰነፍጣል። አንዳንዴም ዘይቱ ከሞተሩ ራስ ወርዶ ታች ይንጠባጠባል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የማገጃዋ አይደለም። ጠርጎ፣ ሞተሩን አስነስቶ ማየት ነው።

ችግሩ ያለችበት ቦታ ነው። እሷ ዘንድ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው መፈታት አለባቸው። ገንዘቡን የሚበላው ይህ ጉልበት ነው፤ ማገጃዋማ ትንሽ ዕቃ ናት። ካምቢዮ አውርዶ፣ ዲስክ ቀይሮ፣ የምታንጠባጥበዋን ማገጃ እዚያው ትቶ መግጠም ማለት ጣሪያ ገልጦ የበሰበሰውን ማገር ሳይነኩ መልሶ መክደን ነው። በዚያ መኪና የተደረገውም ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ጥገና ላይ እኔም ነበርኩ። መካኒክ አይደለሁም፤ መብራት ያዥ ነበርኩ። መጀመሪያ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ጎማዎቹ በድንጋይ ታገዱ። የባትሪው ገመድ ተፈታ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል። ካምቢዮ ሲወርድ ከባድ ነው፤ ብቻውን የሚያወርድ ሰው ሕይወቱን አይወድም። የዲስኩንም ብናኝ በአፍ እፍ ማለት ሳንባ ይጎዳል።

መካኒኩ አሮጌዋን ማገጃ ሲያወጣ ዘንጉን እንዳይጭረው ይጠነቀቅ ነበር። ከዚያ በጥፍሩ ዘንጉን ዳሰሰው። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲሷም ታፈሳለች፤ ዘንጉ ቀጭን የብረት ቀለበት ይለብሳል። ከአዲሷ ከንፈር ሥር ያለችው ቀጭን ሞላ ወደ ሞተሩ፣ ወደ ዘይቱ በኩል ትዞራለች። ከንፈሯን ንጹሕ ዘይት ቀብቶ፣ ዙሪያዋን እኩል እያስገባ ገጠማት። (ደረቋን የምትገባ ዓይነትም ስላለች በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበጃል።) ዘይት የጠጣው ዲስክ ተጣለ። በቤንዚን ቢታጠብም ዘይቱ ውስጡ ገብቷልና አይድንም። ቮላኖው ተጠረገ፤ ዘይት የነካው እጅ ዳግም አልነካውም።

አንድ ነገር ሊረሳ ነበር። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በቆሻሻ ተደፍኖ ተገኘ። ሞተር መተንፈስ ካልቻለ ግፊቱ ዘይቱን በማገጃዋ በኩል ይገፋዋል። እሱም ጸዳ።

በነገራችን ላይ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ችንጋ፣ ሞላ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኦይልሲል ግን እንግሊዝኛ ነው።

ማኅበራችሁ መኪና ካለው፣ ፍሪሲዮን ተቀየረ ሲባል ደረሰኙን አንብቡ። ማገጃዋ ተጽፋለች? አሮጌዋስ የት አለች? አሳዩን ማለት ነውር አይደለም።

ያ መኪና በማግሥቱ ቡና ጭኖ ዳገቱን ወጣ። ሾፌሩ አናቱ ላይ አቁሞ ከሥር ገብቶ አየ። ደረቅ ነበር።

ጥያቄ

1. ዲስኩ ተቀይሮ ሳለ በሁለት ወሩ ለምን ተንሸራተተ?

2. የሠፈራችሁ ወፍጮ ሞተር ዘይት ያንጠባጥባል? ሄዳችሁ እዩና ከየት በኩል እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ።