ሻንጣው ሳይደርስ ጭፈራው ይጀምራል

ጥያቄ፦ በክረምት ከነቤተሰቤ ከማያሚ ወደ ባሃማስ በትልቅ የሽርሽር መርከብ እንሄዳለን። ስንት ሰዓት እንድረስ? የመጀመሪያው ቀን የጭፈራ ድግስስ ልጆች ይገቡበታል?

መልስ፦ መድረሻዎን የሚወስነው አስቀድመው በስልክ የሚይዙት የመግቢያ ቀጠሮ ነው። ምዝገባው ብዙ ጊዜ መርከቡ ሊነሳ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ልመና አይሠራም። ግሪን ካርድ ያላችሁ ፓስፖርታችሁንም ያዙ።

ትልቁን ሻንጣ ተሸካሚዎች በር ላይ ይቀበሏችኋል፤ ክፍላችሁ የሚደርሰው ግን ማታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት፣ ሰነድና የልጆቹ የዋና ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የዋና ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ከቀረ ልጆቹ ገንዳው ዳር ሲነጫነጩ ይውላሉ።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱን እንደ ቀልድ አትዩት። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የሽርሽር መርከብ ጥር 2012 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ዳርቻ ከዐለት ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩት ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ዛሬ ሕጉ ከጉዞው በፊት ወይም ወዲያው መርከቡ እንደተነሳ እንዲደረግ ያስገድዳል። በብዙ መርከቦች ቪዲዮውን በስልክ ዓይቶ፣ የተመደቡበት መሰብሰቢያ ሄዶ መመዝገብ ይበቃል።

ድግሱ ላይኛው ፎቅ፣ ገንዳው ዙሪያ ነው፤ ልጆችም ይገባሉ። መግቢያው ነጻ ነው፣ መጠጡ ግን አይደለም። አስተናጋጁ በፈገግታ የሚያዞረው ባለቀለም ብርጭቆ ግብዣ ይመስላል፤ የመጠጥ ጥቅል ካልገዙ ዋጋው ከነአገልግሎት ክፍያው በክፍልዎ ሒሳብ ላይ ያርፋል። ድምፁ ከበዛባችሁ ወደ መርከቡ ግራ ጎን ሂዱ፤ ከወደቡ ሲወጣ ሳውዝ ቢች የሚታየው በዚያ በኩል ነው።