ስለ ቤት ጥራጊና ስለ እንሰት መሬት

የቤት ጥራጊ ማለት በየዕለቱ ከምድጃ፣ ከጓዳ፣ ከበረትና ከደጅ ተጠርጎ የሚወጣው ሁሉ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ስም ቆሻሻ ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን በአንድ ስም የተጠራው ሁሉ በአንድ ስፍራ ይጣላልና፣ መምህራን ይህን ትምህርት ሲጀምሩ አስቀድመው ልጆቹ ሁለቱን ነገር እንዲለዩ ያድርጉ፤ ይኸውም አፈር የሚሆነውንና አፈር የማይሆነውን ነው።

ይህ መለየት ለወላይታ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሶዶ ከኦቶና ወጣ ብሎ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባሉት መንደሮች ገበሬው መሬቱን በሁለት ስም ይጠራዋል፤ ከቤቱ አጠገብ ያለውን፣ እንሰቱና ጎመኑ የሚበቅልበትን መሬት ዳርኩዋ፣ ከዚያ ወዲያ ራቅ ብሎ ያለውን የእህል ማሳ ሾቃ ይለዋል። ዳርኩዋው ለም ነው፤ ሾቃው ግን የሳሳ ነው። ምክንያቱን የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ ቅርብ ነው፤ የበረቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድና የጓዳው ልጣጭ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሲመለስ የኖረው ወደ ዳርኩዋው ነውና። ዛሬ ባለሙያዎች ጥራጊን መልሶ መጠቀም የሚሉትን ሥራ የወላይታ ቤተሰብ ስም ሳያወጣለት ሲሠራው ኖሯል። ሽማግሌዎች ይህን ለልጆቹ በራሳቸው አፍ ቢነግሩአቸው ከመጽሐፍ ይልቅ ይሰማል።

ታዲያ ዛሬ ትምህርቱ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ልማዱ ሳይለወጥ ጥራጊው ስለ ተለወጠ ነው። የዛሬ ጥራጊ ፌስታል፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ ጊዜው ያለፈበት ኪኒን፣ ምላጭና የጠርሙስ ስባሪ አለበት፤ ይህም ከልጣጩ ጋር ተቀላቅሎ ወደዚያው ወደ ዳርኩዋው ይሄዳል። ፌስታል በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ውሃም ሥርም እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ከብት የዋጠው እንደ ሆነ ከሆዱ ተቋጥሮ ይገድለዋል። ባትሪ ድንጋይ ሲበሰብስ በውስጡ ያለው ብረትና መርዝ ወደ አፈር ይሰርጋል። ፌስታሉን ለቅሞ ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ የሰረገውን መርዝ ግን ማንም አይለቅመውም። በወላይታ የብዙው ቤተሰብ መሬት አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ይህ ዳርኩዋ ቢበላሽ ሌላ ዳርኩዋ ከየት ይመጣል?

ያልተለየ ጥራጊ በአንድ ስፍራ ሲከማች የሚያደርሰውን ጉዳት አዲስ አበባ አይታዋለች። ቆሼ በተባለው ስፍራ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲጣል የኖረው ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክምሩ ሥር በሠሩት ጎጆ የሚኖሩ ነበሩ። መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው በአዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፌስታሉን ክልከላ የሚያጠብቅ አዋጅ ጸድቋል። አዋጅ መልካም ነው፤ ደጅ የሚጠርገው ግን ባለቤቱ ነው።

አሁን አፈር ስለሚሆነው ጥራጊ እንናገር። ልጣጩን፣ ቅጠሉን፣ ገለባውንና ፍጉን እንዲሁ ከመበተን አስቀድሞ ብስባሽ ማድረግ ይሻላል። በክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ፣ በበጋ እርጥበቱ እንዳይጠፋ በጉድጓድ ውስጥ ይከመራል። በታች ጭራሮና ገለባ ይነጠፋል፤ በላዩ እርጥብ ቅጠልና ልጣጭ፣ ከዚያም ፍግ፣ ከዚያም ጥቂት አመድና አፈር እየተደረበ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል፤ በመጨረሻም በሰፊ ቅጠል ይሸፈናል። በክምሩ መካከል ረጅም እንጨት ይተከል፤ ከሳምንት በኋላ እንጨቱን መዝዘው በእጅ ሲዳስሱት ሞቅ ብሎ እርጥብ ከሆነ ሥራው ቀንቷል፤ ደርቆ ቢገኝ ውሃ ይጨመርበት፤ ቀዝቅዞ ከገማ ግን ውሃው በዝቷልና ተገላብጦ ደረቅ ገለባ ይጨመርበት። ክምሩ በደንብ ሲግል እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም ሙቀት የአረም ዘርንና ብዙውን የበሽታ ነፍሳት ይገድላል። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ እየተገላበጠ በሦስት ወይም በአራት ወር ጥቁር አፈር ይሆናል። ይህን ያገኘ ሰው ከዳርኩዋው አስተርፎ ለሾቃውም ሊያዳርስ ይችላል። ጉድጓዱ ግን ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

በዚህ ላይ የእንሰት አገር ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አጠውልግ በተባለው በሽታ የደረቀ እንሰት በብስባሽ ክምር ፈጽሞ አይጨመርም፤ ለከብትም አይሰጥም። በሽታው በ1960 ዓ.ም. በሊቃውንት የተገለጸ ሲሆን የሚተላለፈውም በተቆረጠበት ቢላዋ፣ በበሽተኛው ተክል ስብርባሪና በመሳሰለው ነው። የታመመው እንሰት ከነሥሩ ተነቅሎ ከማሳው ርቆ በጥልቅ ይቀበር፤ ቢላዋውም በእሳት ሳይለበለብ ሌላ እንሰት አይንካ።

አፈር የማይሆነው ጥራጊ ሁሉ ደግሞ የሚጣል አይደለም። ብረትና ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ጄሪካን ለቁራሌው ይሸጣል፤ በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተባለውን ስፍራ ያየ ሰው አሮጌ በርሜልና ጣሳ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሆኖ ሲወጣ ተመልክቷል። አሮጌ የመኪና ጎማም በረባሶ ይሆናል። ሳይሠራበት ከደጅ የተተወ ጎማና ጣሳ ግን የዝናብ ውሃ ይዞ የትንኝ መራቢያ ይሆናልና ይሸፈን ወይም ይደፋ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ቢታጠብ ውሃም ዘይትም አይያዝበት፤ ተቦርቡሮ ይቀመጥና ወዴት እንደሚደርስ የግብርና ባለሙያው ይጠየቅ። ፌስታልና ፕላስቲክን በምድጃ ማንደድ ብዙዎች ቀላል መፍትሔ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ጭሱ መርዝ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚተነፍሱትም እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

ኦቶና ትልቅ ሆስፒታል ያለበት ስፍራ ስለ ሆነ ልጆች መርፌን ያውቃሉ። በሆስፒታል መርፌና ደም የነካው ዕቃ ከሌላው ጥራጊ ተለይቶ በጠንካራ ሣጥን ተጠራቅሞ በልዩ ምድጃ መቃጠል እንዳለበት ይነገራቸው፤ በቤትም ምላጭና መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ይጠራቀም። እርሱና የተረፈ መድኃኒት እንዴት እንደሚወገድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠየቅ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ይኸው የጥራጊ አወጋገድ ነው። ባትሪ ድንጋይ ግን በጣሳ ተጠራቅሞ ከዝናብና ከሕፃናት ርቆ ይቀመጥ እንጂ ከዳርኩዋው አይግባ።

መምህሩ ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ከሚነግር በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሮ የእንሰት ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ ወረቀትና አንድ ፌስታል ያስቀብር፤ ቀኑንም በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከአራት ወር በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ቆፍረው ያገኙትን በደብተራቸው ይጻፉ፤ ፌስታሉንም ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች አጥበው ያኑሩላቸው።