የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፦ ሳህን አስቀድሞ ማለቅለቅ ለምን አያስፈልግም?

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ በሚገኙ አንዳንድ የኢትዮጵያውያን ቤቶች የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ የድስት መደርደሪያ ሆኖ ይኖራል፤ ውሃና መብራት ይፈጃል ተብሎ ይታማልና። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ ለገበያ የተሠራ መደበኛ ማሽን በአንድ እጥበት ከ5 ጋሎን (19 ሊትር ገደማ) በላይ እንዲወስድ ሕጉ አይፈቅድም። በደቂቃ 2.2 ጋሎን የሚያፈስ የወጥ ቤት ቧንቧ ይህን መጠን ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ብክነቱ የሚመጣው ሳህኑን አስቀድሞ በማለቅለቅ ነው። «አውቶ» በሚለው ምርጫ የማሽኑ መለኪያ የውሃውን ድፍርስነት ያያል፤ ሳህኖቹ ተለቅልቀው ከገቡ ውሃው ጠርቶ ስለሚያገኘው እጥበቱን ያቀልላል፣ የድስቱ ቅባትም ሳይለቅ ይቀራል። ሳሙናውም ተለውጧል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን የመሰሉ ውሃዎችን ከአልጌ ለመጠበቅ በ2010 እ.ኤ.አ. ፎስፌት የበዛበትን የማሽን ሳሙና ከልክለዋል፤ ዛሬ የሽሮውን ስታርችና ፕሮቲን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች ናቸው። ስለዚህ ፍርፋሪውን ጠርጎ መጣል ይበቃል።

ለዕለት ዕቃ «ኖርማል» በቂ ነው፤ «ሄቪ» ላረረ ድስት ይቆይ። አጭሩ ዑደት ጊዜ እንጂ ብዙውን ጊዜ ኃይል አይቆጥብም፤ ኃይሉ በዋናነት የሚጠፋው ውሃ በማሞቅ ነውና። ቅቤ የበዛበት ወጥ ከተበላ፣ ማሽኑን ከማስነሳት በፊት የቧንቧው ውሃ እስኪሞቅ ማፍሰስ ይረዳል፤ የፈሰሰውን በባልዲ ተቀብሎ ለአትክልት ማዋል ይቻላል። ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሲኒ በእጅ ይታጠብ። የሸክላ ጀበና ደግሞ ሳሙናውን ስለሚመጥ ፈጽሞ ማሽን ውስጥ አይገባም።